የአራስ ጊዜ ዋጋ

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው መካነ ሰላም ይደርሳል። በመንገዱ የለጋምቦን ውርጫም ደጋ፣ ገብሱንና በጉን፣ ቀጥሎም የቦረናን ማሳ ያያል። ከዚያ አልፎ ቢሄድ መሬቱ ተሰንጥቆ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። ስለዚህ አገር ድህነት የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከሰማይ ይጀምራል፤ በልጉ ቀረ፣ ክረምቱ አጠረ፣ በረዶ መታው፣ ሰው ተራበ ይላል። ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ይሁንና ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ባለው ታሪክ ውስጥ የጨቅላ ሕፃናትን ዕጣ ለብቻ ነጥሎ የተከተለ ሰው ሌላ ክር ያገኛል። ጨቅላ ልጅ ከጎተራ አይበላም፤ የሚበላው ከእናቱ ነው። እናቱም ጡት የሚወጣላት በልታ ስታድርና ከልጇ ጋር የምትቀመጥበት ጊዜ ሲኖራት ነው። ያንን ጊዜ የሚገዛላት የቤቱ ሥራ ነው፤ የባሏ ጥማድ በሬ፣ የራሷ እንዝርት፣ የቀን ዋጋ፣ የቅዳሜ ገበያ። ሥራው ሲጠፋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጥረው የአራስነቷ ጊዜ ነው። እኔ እንደሚታየኝ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሕፃናት ታሪክ ከዝናቡ ይልቅ ይህ ጊዜ ሲገኝና ሲታጣ የኖረበት ታሪክ ነው።

ነገሩን ከ1880 ዓ.ም. መጀመር ይሻላል። በዚያ ዓመት አካባቢ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ወደ አገሪቱ ገባ። ከደጋ እስከ ቆላ ከነበረው የቀንድ ከብት ከ10 ዘጠኙን ጨረሰ ተብሎ ይገመታል። ድርቁ፣ አንበጣውና የሰው በሽታው በላዩ ተደራረቡበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ ሰየመው። ወሎ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው የሚተረከው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዘመኑ ችግር የት ላይ እንደነበር ያሳያል። መሬት ነበረ። የሰው ክንድም ነበረ። ሁለቱን የሚያገናኘው በሬ ግን በየሜዳው ወድቆ ቀረ። ዝናብ የመጣበት ወቅት እንኳ ቢሆን በዶማ የሚቆፈር መሬት በጥማድ ከሚታረሰው እጅግ ያነሰ ነው። ዛሬ በከተማ ቋንቋ ሥራ አጥነት የምንለው ነገር በገበሬው ቤት በዚህ መልክ ገባ፤ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ መሬቱም የእሱ ነው፣ ሥራ ግን የለውም።

የክፉ ቀንን ሰቆቃ የመዘገቡ የአገር ውስጥም የውጭም ጸሐፊዎች ከሚደጋግሙት ነገር አንዱ ወላጆች ልጆቻቸውን ለሚያበላላቸው ሰው መስጠታቸውና መሸጣቸው ነው። ይህን እንደ ጭካኔ የሚያነብ ሰው የወላጁን ስሌት አላየም። ወሎ ማደጎንና የጡት ልጅነትን ከጥንት የሚያውቅ አገር ነው፤ ልጅን ከሌላ ቤት ማሳደር ልጁን ከመጣል ጋር አንድ አልነበረም። ልዩነቱ በክፉ ቀን ሰጪው ብዙ፣ ተቀባዩ ጥቂት መሆኑ ነው። ተቀባይ የተገኘውም እህል በተከማቸበት ስፍራ፣ በጦር ሰፈርና በመኳንንት ግቢ ዙሪያ ነበር። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወሎን ለመያዝ የጦር ሰፈር ያደረጓት ወረ ኢሉ ከእነዚህ አንዷ ናት። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘማች በጥቅምት ወር የተሰበሰበባት ይህች ከተማ ብዙ ሺህ አፍ የሚመገብባት ስፍራ ነበረች። ያን ሁሉ አፍ የሚያበላው ደግሞ የሴት እጅ ነው፤ ውሃ ቀጂዋ፣ እንጨት ለቃሚዋ፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ የምትፈጨዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ። በደጋው የመጀመሪያዎቹ የከተማ ሠራተኞች እነሱ ናቸው ብል አልተሳሳትኩም። ደመወዛቸው ቁራሽ ነበር፤ ልጃቸውም በአንቀልባ ጀርባቸው ላይ ነበር።

አገሩ ከክፉ ቀን አገግሞ ጥማዱን መልሶ ሳይጨርስ የሥልጣን ጠብ መጣ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ሜዳ የወሎው ገዥ የንጉሥ ሚካኤል ጦር ተሸነፈ፤ ከወሎ የዘመተው ገበሬና ባላባት በብዛት አለቀ፣ የተረፈው ተማረከ። ወሎም የተሸናፊ አገር ሆኖ የአሸናፊውን ወታደር ቀለብ ተሸከመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ ደረሰ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ ከተማዋ የነበራት የመንግሥት ሆስፒታል በምኒልክ ዘመን የተከፈተው አንዱ ብቻ ነበር። ይህ በሽታ ከሌላው ወረርሽኝ የሚለየው ጎልማሳውን መምታቱ ነው። አዛውንቱና ሕፃኑ ብቻ ቢሞቱ ኖሮ ቤት ያዝናል እንጂ አይፈርስም፤ ሠርቶ የሚያበላው አባትና የምታጠባው እናት በአንድ ሳምንት ሲወድቁ ግን ከበሽታው የተረፈው ጨቅላ በበሽታው ምክንያት በረሃብ ይሞታል። በባቡሩ ሥራና በግንባታው ቀን ሠራተኛ ሆነው ወደ አዲስ አበባ ከየክፍለ ሀገሩ የወረዱት ቤተሰቦች ርስትና ዘመድ ርቋቸው ስለነበር ልጁን የሚረከብ አያት እንኳ አጠገባቸው አልነበረም።

በእነዚያው ዓመታት በአውሮፓም ስለ ጨቅላ ሞት ትልቅ ክርክር ይካሄድ ነበር፤ ለእኛ ጉዳይ ስለሚጠቅም ጥቂት ልቆይበት። በእንግሊዝ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 150 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 የወጣ የመንግሥት ኮሚቴ ሪፖርት ከምክንያቶቹ መካከል የእናቶችን አለማወቅ አጥብቆ ጠቅሷል፤ ብዙ ባለሥልጣንም ይህን ያዘ። ከዚያ ሞድ ፔምበር ሪቭስ የምትባል ሴትና ጓደኞቿ በለንደን ላምቤዝ ሰፈር የሠራተኛ ሚስቶችን ቤት ለቤት እየዞሩ የሳምንት ወጪያቸውን መዘገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፍ አሳተሙት። የተገኘው ነገር እናቶቹ እያንዳንዷን ሳንቲም በጥንቃቄ እንደሚያብቃቁ፣ የጎደላቸውም እውቀት ሳይሆን ገንዘብ እንደሆነ ነው። ባል በሳምንት የሚያመጣው አንድ ፓውንድ ገደማ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት፣ ከሰል ተገዝቶበት፣ ለእናትና ለሕፃን የሚተርፈው ምንም ያህል አልነበረም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 በተመሠረተበት ዓመት ካወጣቸው የመጀመሪያ ስምምነቶች አንዱ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊትና በኋላ 12 ሳምንት ዕረፍትና ድጎማ የሚያስገኝ ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ወደዚህ ድርጅትም ገባች። ስምምነቱ ግን ለፋብሪካና ለንግድ ቤት ሠራተኛ የተጻፈ ነው፤ በወረ ኢሉ ወፍጮ ላይ ላጎነበሰችው ሴት የሚደርስበት መንገድ አልነበረም።

የእናቶች አለማወቅ የሚለው ክስ በእኛም አገር ተደጋግሞ ይሰማል፤ ቀላል ክስም ስላልሆነ መልስ ይገባዋል። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ የመጀመሪያውን እንገር ጨምቆ መጣል፣ ተጨማሪ ምግብ ማዘግየት፣ ጉሮሮ መቧጠጥ፤ እነዚህ ልማዶች ሕፃን እንደጎዱ አልክድም። ነገር ግን ያው ባህል የአራስ ቤትን ሥርዓትም ሠርቷል። የወለደች ሴት ከሥራ ተከልላ ትተኛለች፣ ገንፎና አጥሚት ይሠራላታል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ውሃዋን ይቀዳል። ክርስቲያኗ ልጇ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ክርስትና እስክታስነሳ ትቆያለች፤ ሙስሊሟም የ40 ቀን አራስነት አላት፤ ሃይማኖቷም ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባትን ይመክራታል። ሁለቱ እምነቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ በሚኖሩበት ወሎ ይህ የጋራ እውቀት ነው። እንግዲህ ባህሉ የእናትን ጊዜ ዋጋ አላወቀም ማለት አይቻልም። ዋጋውን አውቆ መክፈል ያቃተው ቤቱ ነው። በሬ የሌለው፣ እኩል አራሽ ሆኖ ግማሹን ምርት ለባለመሬት የሚሰፍር፣ ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ከሆነ 40ው ቀን 10 ቀን ይሆናል፤ በ11ኛው ቀን እንጨት ለመልቀም ትወጣለች። ድሃዋ ከሀብታሟ ያነሰ ባህል አልነበራትም።

በ1920ዎቹ ደሴ የክፍለ ሀገሩ ትልቅ ከተማ ሆና፣ የአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን ያቋቋሙት ሆስፒታልም ተከፍቶባት ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ያ ሆስፒታልም ተመታ። ከወረራው በኋላ ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አስመራ የሚወስደውን መንገድ ሠሩ፤ ብዙ የወሎ ሰውም ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ የሚከፈል የቀን ሥራ አየ። የጠላትን መንገድ ማሞገስ አልፈልግም፤ ያመጣውን ለውጥ ግን አለማየት አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ገበያ፣ መኪና፣ ክሊኒክና ሥራ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ተተከሉ። ምዕራቡ ደጋ፣ ቦረናና ሳይንት፣ ከዚህ መስመር ውጭ በመቅረቱ ነፃነት ከተመለሰ በኋላም መካነ ሰላም የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ሳለ ወደ ደሴ የሚኬደው በእግርና በበቅሎ ለቀናት ነበር። ልጅ ለታመመባት እናት ሐኪም የሚገኘው ከአራትና አምስት ቀን መንገድ ማዶ ከሆነ ሐኪም የለም ማለት ነው።

በ1950ዎቹ ሥራ ከደጋው ወጥቶ በቆላ ተገኘ። በአዋሽ ታችኛው ሸለቆ የተንዳሆ ጥጥ እርሻ፣ በሰሜን ምዕራብ የሰቲት ሁመራ የሰሊጥ እርሻ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ለቃሚና አራሚ ይፈልጉ ጀመር፤ መሬቱ የጠበበበት የወሎ ደገኛ እየወረደ ይቀጠር ነበር። ገንዘቡ ግብርና ዕዳ ከፍሏል፣ በሬም ገዝቷል። ግን ወባ ያልለመደው ደገኛ በሽታውን ይዞ ይመለሳል፤ አንዳንዱም አይመለስም። አባወራው በሌለበት ወራት የእርሻውም የቤቱም ሥራ በእናቲቱ ላይ ይወድቃል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የሕፃናት የምግብ ጥናት ክፍል በ1954 ዓ.ም. ገደማ ተቋቋመ፤ ከስንዴ፣ ከሽምብራና ከዱቄት ወተት የተቀመመ የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቶ ፋፋ አለው። የስሙ መረጣ ያስደስታል፤ ልጅ ፋፋ ማለት ለወላጅ ከምርቃት ሁሉ የላቀ ቃል ነው። ሙያዊ ሥራውም የሚመሰገን ነበር፤ በአገር እህል የአገር ልጅ ለማሳደግ የተደረገ ቅን ጥረት ነው። ይሁን እንጂ ፋፋ በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ ነበር። በሳንቲም የሚገዛ ምግብ ሳንቲም የሌለበትን ቤት ዘልቆ አይገባም፤ በመሆኑም የደጋው ሕፃን ፋፋን በብዛት ያየው ከዓመታት በኋላ በእርዳታ ጣቢያ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ዓመት ላይ ደርሻለሁ። በ1958 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በወረ ኢሉ ሰዎች በረሃብ እየሞቱ መሆኑ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ሪፖርት ተደረገ፤ የአካባቢው ፖሊስ ነገሩን ያወቀው ከዚያም ቀደም ብሎ ነው። ያ ወሬ ከሚኒስቴሩ ተነስቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ለመድረስ 302 ቀን ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩ እርምጃ እንዲወስድ አዘዙ፤ ሚኒስቴሩም ወደ ወሎ መልሶ የጻፈው የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር እንዲላክለት ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂት እህል እንዲታደል ተፈቀደ። 302 ቀን ለአንድ ጎልማሳ የመከራ ዓመት ነው፤ ለጨቅላ ግን ሙሉ ዕድሜ ነው። ሪፖርቱ ሲጻፍ የተወለደ ልጅ ወሬው ቤተ መንግሥት ሲገባ ድክ ድክ ለማለት በተቃረበ ነበር። የስም ዝርዝሩም ነገር እንዲሁ ነው። ክርስትና ሳይነሳ የሞተ ሕፃን በየትኛው ስም ይጻፋል? በእናቱ ሆድ ሳለ እናቱ የሞተችበትስ? ሙታንን በስም መቁጠር ለመዝገብ ቤት ተገቢ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ በረሃብ ግን ስም ሳይወጣለት የሚሞተው ብዙ ነው። ስለዚህ ያ ዝርዝር በሐቀኝነት ቢሞላ እንኳ እነዚህን ሟቾች ሳይዝ ይቀር ነበር። የቢሮክራሲው መዘግየት ብቻ ቢሆን በተሻለ ስልክና በተሻለ መንገድ ይታረም ነበር፤ እኔ የማየው ግን መንግሥቱ ጨቅላን እንደ ሰው የሚቆጥርበት ዓምድ በመዝገቡ ላይ አለመኖሩን ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው የ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረሃብ ዓለም ያወቀው ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፎቶግራፍ፣ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም፣ የንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን መውረድ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.። የምሥራቁ ተዳፋት፣ ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል፣ ቃሉ፣ ከሁሉ የከፋ ተመታ። በወሎ የሞተው ሰው ከ40,000 እስከ 200,000 ድረስ በተለያየ ቁጥር ይገመታል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ ሲመረምር አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙ አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ ሌላ ገበያ ይጫን ነበር። ሰዉ የሚገዛበት አቅም ስላልነበረው ነጋዴው ገዢ ወዳለበት ወሰደው። ቀድመው የወደቁትም ሎሌዎችና ጥገኞች፣ ከመሬት የተነቀሉ ጭሰኞች፣ ሸማኔዎች፣ በሰው ቤት የሚያገለግሉ ሴቶች ነበሩ። ድርቅ ያልነካቸው ሰዎች ናቸው፤ የሚቀጥራቸውና የሚገዛቸው ሰው ነው የደረቀው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የሴን ተቺዎች በወሎ ውስጥ ምርቱ ራሱ ክፉኛ ወድቆ ነበር፣ ነገሩን ሁሉ የመግዛት አቅም ማለት ድርቁን ማሳነስ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ሴንም ቢሆን የወሎ ምርት መቀነሱን አልካደም። እኔም ዝናቡን ከታሪኩ ለማውጣት አልሞክርም። ጥያቄው ግን ዝናቡ ከቀረ በኋላ ማን ይሞታል የሚል ነው። አንድ ዝናብ በአንድ ቀበሌ ላይ እኩል ይቀራል፤ ሞት ግን እኩል አይገባም። ሁለት በሬና የሚሸጥ በግ ያለው ቤት በጉን ሸጦ እህል ይገዛል፣ እናቲቱም ታጠባለች። የለጋምቦ ሴት የፈተለችው ሱፍ ባና ሆኖ ገበያ ሲወጣ ገዢ ከጠፋ ግን ጡቷ እየነጠፈ ይሄዳል። ከሁለቱ ቤት በላይ ያለው ሰማይ አንድ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለመሬት ነፃ አወጣ። ለወሎ እኩል አራሽ ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ ግማሽ ምርቱ በቤቱ ቀረለት፤ ይህን አሳንሶ የሚናገር ሰው ጭሰኝነትን የረሳ ነው። ግን ያው አዋጅ ባሏ ከሞተባት፣ ከታመመና ከአዛውንት በቀር ማንም ሰው ጉልበት ቀጥሮ እንዳያሳርስ ከለከለ። ዓላማው ብዝበዛን ማቆም ነበር። በውጤቱ ግን በሬ የሌለው ድሃ በጎረቤቱ ማሳ ሠርቶ እህል ይዞ የሚገባበት በር ተዘጋ። ቀጥሎ የእህል ነጋዴው ተቆጣጣሪ በዛበት፣ ለሥራ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ መሄድም ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። ስለዚህ በ1976 በልጉና ክረምቱ ተከታትለው ሲቀሩ፣ ደጋው ከዚህ ቀደም ችግርን የሚወጣባቸው መሰላሎች አንድ በአንድ ተነስተው ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በባቲ የረሃብ መጠለያዎች የታየውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። በመጠለያዎቹ ሕፃናትን የጨረሰው በአብዛኛው ኩፍኝና ተቅማጥ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ገዳዩ በሽታ እንጂ ድህነት አይደለም ይላሉ። ኩፍኝ በጠገበ ልጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሽፍታ ሆኖ ያልፋል፤ በከሳ ልጅ ላይ ሞት ነው። ልጁን ከስቶ እንዲጠብቀው ያደረገው ደግሞ ከምዕራቡ ደጋ እህል ወደሚታደልበት ስፍራ ለቀናት በእግር የተጓዘችው እናት ርሃብ ነው። በዚያው ጊዜ መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከግማሽ በላዩ ከወሎ የተወሰደ ነው። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በተለያየ መኪና ተጭነው የተለያዩበት ብዙ ነው። የሰፈራው ደጋፊዎች መሬት ወዳለበት መሄድ ሥራ ማግኘት ነው ይሉ ነበር፤ አያት፣ እህትና ጎረቤት የሌላት አራስ በማታውቀው የወባ አገር መጣሏን ግን በሂሳቡ አላስገቡትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ለውጡም በእኔ ክርክር ላይ የሚቆም ከባድ ማስረጃ ይመስላል። ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ፤ ክትባቱ ገደሉን ወርዶ ተራራውን ወጥቶ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2000 በአገር አቀፍ ደረጃ ከ1,000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ቁጥሩ 48 ሆነ። የቤቱ ድህነት እንዳለ ሆኖ ሞቱ በግማሽ ከቀነሰ ወሳኙ መርፌው ነው እንጂ የእናት ሥራና ጊዜ አይደለም ሊባል ይችላል። መርፌው ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ለዚያ የደከሙትን ወጣት ሴቶች ማክበር ይገባል። ግን በዚያው የ2016 ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ያኔ ከሁሉም ክልሎች ከፍተኛው ነበር። በአዲስ አበባ 15 በመቶ ነበር። መርፌ ከኩፍኝ ያድናል፤ ቁመት የሚሰጠው ግን በየቀኑ በየሰዓቱ የሚቀርብ ምግብና የሚያቀርበው ሰው ነው። በሕይወት ቆይቶ ያላደገ ልጅ የእናቱ ጊዜ አሁንም እንዳልተገኘ ይመሰክራል።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ መልክ የነካ ይመስለኛል። በደቡብ ወሎ ወረዳዎች የታቀፈ ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባል በወር 5 ቀን እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል፤ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ግን ሳትሠራ ይከፈላታል። በክፉ ቀን ለወፍጮ ፈጪዋ፣ በ1958 ለወረ ኢሉዋ እናት ያልታሰበው ነገር ይህ ነው፤ የአራስ ቤቱ 40 ቀን ከቤቱ ኪስ ወጥቶ ከመንግሥት ኪስ ገባ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ይዘገያል፣ መዝገቡም ሁሉን ድሃ አይይዝም። ከመዝገቡ ውጭ የቀረችው ወጣት ብዙ ጊዜ ፊቷን ወደ ዓረብ አገር ታዞራለች፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከተመለሱት 160,000 ያህል ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙ የወሎ ልጆች ነበሩ። ልጇን ለአያት ትታ የሄደች እናት ለልጇ ጡቷን በብር ለውጣለታለች። ምርጫው የጭካኔ አይደለም፤ በክፉ ቀን ልጃቸውን ለሚያበላ ሰው የሰጡት ወላጆች ያሰሉት ስሌት ነው።

መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኝባት፣ ግንባታ የማይታጣባት ከተማ ናት። ከዙሪያው ቀበሌ መሬት ያጡ ወጣቶች ለቀን ሥራ ይገቡባታል፤ አሸዋ፣ ድንጋይና ውሃ ከሚሸከሙት መካከል ልጅ ያዘሉ ሴቶች አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጣል፤ በየጠዋቱ ለአንድ ቀን የምትቀጠረዋ ሴት ግን ዕረፍቱን የምትጠይቀው አሠሪ የላትም። የገጠሩ ሴፍቲኔት የከተማ ነዋሪ ስለሆነች አይመዘግባትም። የከተማው ሴፍቲኔት ደግሞ በመጀመሪያው ምዕራፉ 11 ከተሞችን ሲያቅፍ ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች።